ሽማግሌ የላክሁበት ቀን እና ባለ አራት እግሯ ካንዴላ

ዛሬ የደረሰብኝን ከሰፈር ሰው ከምትሰሙት እኔው ልናዘዝና ልገላገል።

ቁጭ በሉ። ውሃ አጠገባችሁ አድርጉ። ጋምቤላ ያላችሁ ደግሞ ጥላ ፈልጉ፣ ታሪኩ ረዘም ይላል።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ፔጄ ላይ «ስለ ካንዴላ ማንም ያልነገራችሁ እውነት» ብዬ የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ አይደል? ባሮ ዳር ቆሜ፣ የባጃጄን አሮጌ ካንዴላ ለካሜራ ከፍ አድርጌ አሳይቼ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ የወረወርኩበትን ቪዲዮ?

«ቻው አሮጌው ዘመን!» ያልኩበትን?

በስሎው ሞሽን?

ያንን ቪዲዮ ካዩት ሰዎች አንዱን ዛሬ ፊት ለፊት አገኘኋቸው። ላይክ አላደረጉትም። ኮሜንትም አልጻፉበትም። ኮሜንታቸውን ለዛሬ አስቀምጠውት ኖሯል።

ሰውየው የማገባት ልጅ አባት ናቸው።

ላገባት የምፈልጋት ልበል። ከዛሬ በኋላ በቃላት እጠነቀቃለሁ።

ለአዲሶቻችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። ጠዋት ጠዋት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ እነዳለሁ። በመሀል በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ስለማላውቀው ነገር ለእናንተ ምክር እሰጣለሁ።

ካንዴላ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ባጃጅ ማለት ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር ነው።

በዚያ ፖስት ላይ ሦስት ዓይነት ካንዴላ አወዳድሬ ነበር። ተራዋን፣ ባለ አንድ እግሯን (እግር የምንለው እሳቷ የምትዘልበትን ብረት ነው)፣ ሁለት ኮከብ ሰጠኋት። ጫፏ ቀጭን የሆነችውን ኢሪዲየም የሚሏትን ሦስት ኮከብ ሰጠኋት። ባለ አራት እግሯን፣ ሰውነቷ ሰማያዊ፣ ጫፏ ወርቃማ የሆነችውን፣ አምስት ኮከብ ሰጥቼ እሳት የሚተፋ ኢሞጂም ጨመርኩላት።

ለምን አምስት? ንገረን ካላችሁ እውነቱን ልንገራችሁ። ታምራለች!

ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በኢንተርኔት ያዘዝኩት ሻጭ «አራት እሳት በአንዴ፣ ጉልበት ትጨምራለች፣ ቤንዚን ትቆጥባለች» ብሎ የጻፈውን ገልብጬ የራሴ ጥናት አስመስዬ አቀረብኩት። እናንተም ሼር አደረጋችሁ። ይቅርታ።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እኮ። ኤሌክትሪክ የሚቀለውን መንገድ መርጦ ይሄዳል ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው፣ አራት ቦታ በአንዴ ይዘላል ሲሉኝ አመንኩ። ወርቃማ ስለሆነች!

እሺ። አሁን ወደ ዛሬ እንሂድ።

ረድኤት የምትባል ልጅ አለች። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምትሠራው፣ የመንገደኛ ሻንጣ የምትመዝነው እሷ ናት። የተዋወቅነው ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ ነው፤ ሻንጣው ከበደ ብላ ከእኔ ተሳፋሪ ጋር ስትከራከር፣ እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ገብቼ ስለ ክብደት ፊዚክስ ማብራሪያ ሰጠሁ። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ጨርሰሃል?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሆነን።

የእሷም የእኔም ወላጆች ከደጋ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አባቷ ጋሽ ሞላ ግን ከእርሻው ሌላ ሙያ ነበራቸው። የውሃ ፓምፕና ባሮ ላይ የሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎች ጥገና ላይ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ይህንን ረድኤት ነግራኛለች። ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን «ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው» በሚል ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። «ነገ ሽማግሌዎቹን በሌላ ሰው ባጃጅ ላካቸው» አለች።

ለምን ስላት፣ «አባዬ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ነው የባለቤቱን ጠባይ የሚናገረው» አለችኝ።

ሳቅሁባት። አልዋሽም፣ ሳቅሁ።

እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ልጅ አይታይም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ደጅ ይቆማሉ፣ «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ፣ ከዚያ ነገሩ በወግ በወጉ ይሄዳል። ልጁ በዚያ ቀን ደጃፉ ላይ ቢታይ ድፍረት ነው። ቸኩሏል፣ አላከበረንም ይባላል።

እኔ ግን ምን አሰብኩ? የምርጥ ካንዴላ ባለቤት ሆኜ ሽማግሌዎቼን በሰው ባጃጅ ልላክ? ለእናንተስ «የዓመቱ ትልቁ የሙከራ ጉዞ» ብዬ ቃል ገብቼ የለ?

ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ኮፍያ አደረግሁ፣ ማስክ አደረግሁ፣ የተከራየ ሹፌር ሆንኩ። አድርሻቸው፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ሲጨርሱ ልመልሳቸው። ማን ያውቀኛል?

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛው አጎቴ ጋሽ ደምሴ፣ አንዴ ማመስገን ከጀመሩ የማያቆሙ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ሼህ ሰይድ፣ በሕይወታቸው አንድ ውሸት ተናግረው የማያውቁ። ሦስተኛው ጋሽ ኡጁሉ፣ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩኝ የአኝዋ ሰው፣ ከሁሉም ትንሽ የሚናገሩና ከሁሉም የሚደመጡ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው ከኋላ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ለክብራቸው ስል ቀስ ብዬ ነዳሁ። በጣም ቀስ ብዬ። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ ደግሞ ነጫቸው አቧራ እንዳይነካው በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ሄድኩ። አንድ አሮጊት እንጨት ተሸክመው አልፈውኝ ሄዱ።

ሞተሩ መንተፋተፍ የጀመረው እዚያ ነው።

ቱፍ። ቱፍ ቱፍ። ዝም። ደግሞ ቱፍ።

አጎቴ «ምን ሆነ?» አሉ። «አዲስ ካንዴላ ስለሆነች እየተለማመደች ነው» አልኳቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ብዬ መለስኩ።

የጋሽ ሞላ ቤት ትልቅ ማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። እቅዴ ከመድረሴ በፊት፣ ከመታጠፊያው ጋ ማውረድ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ግን ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ነዳጅ ሰጠሁት፣ ባጃጁ ዘለለ፣ እኔም አልቆም ብሎኝ በሩ ድረስ ሄድን።

እዚያ፣ ልክ በሩ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው አንድ ድምፅ ወጣ።

ጧ!

ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ውሻው ከማንጎው ሥር ተነስቶ ወደ ጓሮ ሸሸ። ሞተሩ ጠፋ።

ጋሽ ሞላ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አልደነገጡም። ጆሯቸውን ብቻ ወደ እኛ አዘነበሉ።

ሽማግሌዎቼ ወርደው ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። እኔ ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ የማስነሻውን ዘንግ መሳብ ጀመርኩ። ይነሳና እጠፋለሁ ብዬ ነው። አንዴ ሳብኩ። ሁለቴ ሳብኩ። አሥር ጊዜ ሳብኩ።

ግቢው ጠባብ ነው፣ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማኛል። ጋሽ ሞላ ተቀመጡ አሏቸው። አጎቴ በወጉ መሠረት ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ከዚያ ስለ እኔ መናገር ጀመሩ።

ጨዋ ነው አሉ። ሠርቶ አዳሪ ነው አሉ። እኔ ዘንግ እስባለሁ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ ታላላቆቹን የሚያከብር ነው አሉ። እኔ ዘንግ እስባለሁ። ላቡ ማስኩን አልፎ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል።

ከዚያ አጎቴ ያንን ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

«ደግሞ በሞተር ነገር የሚወዳደረው የለም። የከተማው ባለ ባጃጅ ሁሉ የሱን ምክር ነው የሚከታተለው።»

ዘንጉን ለቀቅሁት። እጄ ዝሎ ሳይሆን አፍሬ ነው።

ጋሽ ሞላ ሽማግሌዎቼን እንደቆሙ ትተው ተነሱና በሩ ላይ መጡ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ እጃቸው ግን የጀልባ ሞተር የተሸከመ እጅ ነው። ባጃጁን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ዞር ብለው «ሹፌሩ የማን ነው?» ብለው ሼህ ሰይድን ጠየቁ።

ሼህ ሰይድን ነው የጠየቁት። ከሦስቱ መርጠው!

ሼህ ሰይድ ወደ ሰማይ አዩ። ወደ ማንጎው አዩ። «አላህ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። ውሸትም አይደለም።

ጋሽ ሞላ ለምን እንደቆመ ጠየቁኝ። ማስኬ ውስጥ ሆኜ አንድ ሁለት ቃል አጉረመረምኩ። የቤንዚን ይሆናል ምናምን አልኩ።

ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። ቀስ ብለው ነው ፈገግ ያሉት፣ አንድ ነገር ሲያስታውሱ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። «ካንዴላ ባሮ ውስጥ የጣልከው አንተ ነህ።»

ወገኖቼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልተከፈተችም። የጋምቤላ መሬት በበጋ ስንጥቅ ብቻ ነው፣ ሰው አይገባባትም።

ረድኤት ለካ ቪዲዮውን አሳይታቸው ነበር። የማን እንደሆነ ሳትነግራቸው፣ «አባዬ፣ ሙያህ ነውና እስቲ ይሄን ሰው ስማው» ብላ። ሁለት ጊዜ አስደግመው አይተውታል። ስሎው ሞሽኑን ሳይቀር።

ማስኩን አወለቅሁ። ኮፍያውንም አወለቅሁ። ዝቅ ብዬ ጤና ይስጥልኝ አልኳቸው። ስሜን ነገርኳቸው። ከኋላቸው አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። የሦስት ወር ዝግጅት፣ ማን ምን እንደሚናገር ተለማምደን፣ እኔ ግን ራሴን በራሴ አጋልጬ፣ በዚያ ቀን መታየት የሌለበት ሰው ደጃፉ ላይ ቅባት በቅባት ሆኖ ቆሟል።

በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ረድኤትን አጣኋት አልኩ። ሁለት ዓመት፣ በአንዲት ወርቃማ ጫፍ።

ጋሽ ሞላ ግን አልተቆጡም። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ሳያዩኝ አልቀሩም። ድጋሚ ጠየቁኝ፣ ያንኑ ጥያቄ፦

«ለምን ቆመ?»

እዚህ ላይ የአዋቂ መልስ መስጠት እችል ነበር። ስለ ካርቡራተር፣ ስለ ቤንዚን ጥራት፣ ስለ ሙቀት ሦስት ደቂቃ ማውራት እችላለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። ሽማግሌዎቼ ቆመው ያዩኛል። አጎቴ አንድ ነገር በል በሚል ዓይን ይለምኑኛል።

«አላውቅም» አልኩ። «ካሳዩኝ ደስ ይለኛል።»

ሁለት ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ነኝ። በሕይወቴ ይህን ቃል በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ ሞላ የካንዴላ መፍቻ ቁልፍ አስመጡ። ከኋላ ክዳኑን ከፈትን። ካንዴላዋ ትኩስ ስለነበረች በመሀረባቸው ይዘው ፈቷት፣ ወደ ብርሃን አውጥተው አገላበጧት። ሰማያዊዋ እንዳለ ነው። ወርቋ የለም። አራቱም እግሮቿ በጥላሸት ተሸፍነዋል።

ከዚያ ትምህርት ጀመሩ። ሽማግሌዎቼም ቆመዋል፣ ወጉ ነዋ፣ መልስ ሳይሰጣቸው መቀመጥ አይችሉም። ጠጋ ብለው ያዳምጣሉ።

የካንዴላ ጫፍ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው አሉ። ነጭ ከሆነ ከልክ በላይ ግሏል። ጥቁር ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል ወይ ካንዴላዋ ቀዝቅዛለች። ይቺ ለሚሮጥ ሞተር የተሠራች ናት፣ ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች አሉ። እየተንፏቀቅህ ስትመጣ ጥላሸቷን አቃጥላ ለመጣል የሚበቃ ሙቀት አላገኘችም።

ለሽማግሌዎች ክብር ብዬ ቀስ ብዬ የነዳሁት ነዋ ጉድ የሠራኝ! አጎቴ ይህን ሲሰሙ በረጅሙ ተነፈሱ።

«አራት እግሯስ?» አልኩ፣ ፈራ ተባ እያልኩ። ኮከቦቹ ትዝ እያሉኝ።

«እሳቷ የምትዘለው በአንዱ ነው» አሉ። «ሦስቱ ቆመው ነው የሚያዩት።»

ይህን ብለው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ላይ አረፈ። በተርታ ቆመዋል። ነጭ ለብሰው። ፀሐይ ላይ።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ኡጁሉ ናቸው። ሳቃቸውን ለመያዝ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ ሼህ ሰይድ። ከዚያ ጋሽ ሞላ ራሳቸው፣ ካንዴላዋን በመሀረብ እንደያዙ፣ ባጃጁን ተደግፈው ሳቁ። አጎቴ ብቻ ወጉ ተበላሸ ብለው ትንሽ አኮረፉ።

ውድ ካንዴላ ሁሉ የማይረባ ነው ማለታቸው እንዳልሆነም ነገሩኝ። ባለ ቀጭን ጫፏ ዕድሜዋ ረጅም ነው፣ ሞተርህ የሚጠይቃት ከሆነ ግዛት አሉ። ተራዋም ቶሎ ትለወጣለች እንጂ ሥራዋን ትሠራለች። ዋናው፣ ሞተሩ የሚፈልጋት የካንዴላ ቁጥር ናት። ከባጃጁ ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፣ አንብበኸዋል ወይ አሉኝ።

መጽሐፉ ወንበሩ ሥር ነው። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ተማሪዎቼን መጽሐፍ ሳታነቡ ፈተና ትገባላችሁ እያልኩ የምቆጣ ሰውዬ ነኝ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ዝግ ብለው ተናገሩ።

«ያቺ የጣልካት ትሠራ ነበር?»

ትሠራ ነበር አልኩ። ምን ልበል? ጠዋት ነድቻት፣ ከሰዓት ወረወርኳት።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ነው አሉ። ባለቤታቸው ምጥ ይዟት ወደ ከተማ በጀልባ ይወስዷታል። ባሮ ሞልቷል። መሀል ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ካንዴላዋ ሞታለች። ጀልባው ወዲያ ወዲህ እያለ ወንዙ ይዟቸው ወረደ። ኪሳቸውን ሲዳብሱ፣ ከሳምንት በፊት ከአንድ ፓምፕ ላይ ፈትተው የሚጣል ነገር አልወድም ብለው ያስቀመጧት አሮጌ ካንዴላ አለች። በልብሳቸው ጠርገው አስገቧት። የማስነሻውን ገመድ ለሦስተኛ ጊዜ ሲስቡት ሞተሩ ተነሳ።

«ሌሊቱን ተወለደች» አሉ። «ዛሬ የምትጠይቁኝ ልጅ።»

እኔ ያቺን ቪዲዮ አሰብኳት። ስሎው ሞሽኗን፣ ሙዚቃዋን። አንገቴን ደፋሁ፣ ዓይኔም እርጥብ ብሎ ነበር። በላብ አሳብቤ ጠረግሁት።

ጋሽ ሞላ ወደ ቤት ገብተው አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ ካንዴላ ብቻ ነው። ሃያ ይሁን ሠላሳ፣ ሁሉም በሽቦ ብሩሽ የጸዱ፣ ጫፋቸው ዘይት የተቀባ። ያቺ ካንዴላ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኋቸው።

አላውቃትም አሉ። ተቀላቅላለች። ሁሉንም ያስቀመጧቸው ለዚያ ነው።

አንዷን መረጡ። ተራዋን፣ ባለ አንድ እግሯን። እኔ ሁለት ኮከብ የሰጠኋትን። ቁጥሯን አዩ፣ ክፍተቷን በዓይናቸው ለኩ፣ በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። በእጅህ እሰራት አሉኝ። አሰርኳት። መጀመሪያ በእጅህ፣ ከዚያ በቁልፍ፣ አትታገላት አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ዘንጉን ሳብኩ።

አንዴ። አንዴ ብቻ ሳብኩ፣ ተነሳ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ድምፅ መሰላችሁ። ጋሽ ሞላ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የኔዋን ባለ አራት እግር ግን አልመለሱልኝም። ቆርቆሮው ውስጥ ጨመሯት። ከፓምፖቹና ከጀልባዎቹ ካንዴላዎች መሀል ሰማያዊዋ ብቻዋን ቁጭ አለች። እሷንም አልጣሏትም፣ አያችሁ።

አጎቴ በዚህ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። እንግዲህ ልጁ ድፍረት ሆኖበት እዚህ ተገኝቷል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ጉዳያችን ግን አሉ።

ጋሽ ሞላ የመለሱት ለእሳቸው አልነበረም። ወደ እኔ ዞረው ነው የተናገሩት።

«ካንዴላዋን አልሰጠሁህም። አውሼሃለሁ። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ሽማግሌዎችህ ሲመጡ አንተም ና፣ ፈትተህ ቀለሟን አሳየኝ።»

እኔ ምንም አልገባኝም። የሞተር ቀጠሮ መሰለኝ። እሺ፣ አመጣለሁ፣ አጽድቼ አመጣለሁ አልኩ።

«አታጽዳት» አሉኝ።

ጋሽ ኡጁሉ ግን ገባቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አምስት ቃል ያልተናገሩት ሰው፣ ጥላው ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄዱና ተቀመጡ። አጎቴ በድንጋጤ «ኧረ ጋሽ ኡጁሉ፣ መልስ መቼ ተሰጠን?» አሏቸው።

«ና ብሎታል» አሉ ጋሽ ኡጁሉ። «ዕቃም አውሶታል። ሌላ ምን መልስ አለ? እግሬን አመመኝ፣ ተቀመጡ።»

ጋሽ ሞላ አልተቃወሙም። ሼህ ሰይድ ተቀመጡ። አጎቴ ወደ ጋሽ ሞላ አዩ፣ ወደ ወንበሩ አዩ፣ ተቀመጡ። የረድኤት እናት በር ላይ ቆመው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር፣ ቀዝቃዛ ውሃና ማንጎ ይዘው መጡ።

እኔስ? እኔ መቀመጥ አልተፈቀደልኝም። ወጉ ወግ ነው። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁ። ማንጎ ግን ተላከልኝ። ሁለት!

ሲመለሱ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነዳኋቸው። አቧራው ነጫቸውን ቡናማ አደረገው። ሼህ ሰይድ «ጤነኛ ቀለም ነው» አሉ። መንገዱን ሙሉ ሳቅን።

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ባሮ ዳር ተቀምጬ ነው፣ ያንን ቪዲዮ የቀረጽኩበት ድንጋይ ላይ። ፀሐይዋ በረድ ብላለች። እናቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ማዶ ሁለት ሰዎች መረብ ይጥላሉ። እግሬ ውሃ ውስጥ ነው፣ ልቤ ደግሞ ደህና ነው። ከትልቅ ውርደት በኋላ እንዲህ ዓይነት ሰላም እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።

ቅድም ረድኤት ደወለችልኝ። መጀመሪያ «ነግሬህ አልነበር?» አለች። አራት ጊዜ አለች።

ከዚያ አባቷ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ለእናቷ ምን እንዳሉ ነገረችኝ።

«ቪዲዮው ላይ ሳየው አልወደድኩትም ነበር። ዛሬ ግን አላውቅም የሚል አስተማሪ አየሁ።»

የሰጡኝን ኮከብ ቆጥሬ አልጨረስኩም።

እና ወገኖቼ፣ ምክር ከፈለጋችሁ ያቺን ፖስት አጥፍቻታለሁ። ባለ አራት እግር ልግዛ ወይ ብላችሁ ኢንቦክስ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ መልሴ አላውቅም ነው። የሞተራችሁን መጽሐፍ አንብቡ። ቁጥሩ ከተስማማና ኪሳችሁ ከፈቀደ ያማረችውን ግዙ፣ ካልተስማማ ግን ሰማያዊነቷ ኮረኮንች ላይ አይገፋም። ቀስ ብላችሁ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ በተለይ ለሽማግሌ ብላችሁ እንዳይሆን።

አንድ ጉዳይ ብቻ ቀረኝ፣ ለእሱ የእናንተ እርዳታ ያስፈልገኛል።

ባሮ ላይ መረብ የምትጥሉ ወንድሞቼ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ፊት ለፊት፣ ተራ፣ ባለ አንድ እግር፣ ጫፏ ቡናማ የሆነች ካንዴላ መረባችሁ ውስጥ ከገባች የኔ ናት። አዞ ካልዋጣት እዚያው አካባቢ ናት፣ የወረወርኩት ሩቅ አይደለም፣ ስሎው ሞሽኑ ነው ሩቅ ያስመሰለው። አሥራ አምስት ቀን አለኝ።

ሌላውን ሁሉ ስጦታ አጎቴ አስበውበታል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰው አማቱ ቤት ሲገባ ከወንዝ የወጣች አሮጌ ካንዴላ ይዞ ቢገባ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ቦታ ይገኝላት ይሆን?